ፒላቴስ፦ ትከሻ የሚያውቀውን ወገብ ሲማር

ፒላቴስ ምንጣፍ ላይ ተተኝቶ፣ ተቀምጦ ወይም ስፕሪንግ ባለው መሣሪያ እየታገዙ የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ጡንቻ ለማፈርጠም የታሰበ አይደለም። ሰው እያንዳንዱ የአካል ክፍሉ የት እንዳለ እያወቀ፣ አንዱን ሲያንቀሳቅስ ሌላውን ሳያናውጥ መያዝ እንዲችል ለማድረግ ነው። ክብደት አይነሣበትም፣ አይሮጥበትም፤ አብዛኛው ልምምድም የሚደገመው ከአሥር ጊዜ ባነሰ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጀማሪውን የሚያልበው ቀስ ብሎ መሥራቱ ነው፤ በፍጥነት ሲሠራ ተሸፋፍኖ የሚያልፈው ጉድለት ሁሉ ያን ጊዜ ይታያል።

ጎጃም ውስጥ ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደምበጫ ሠርግ ቤት እስክስታ የሚወርድ ጎልማሳን ማየት ይበቃል። ትከሻው ከበሮውን ተከትሎ ይሰበቃል፣ ደረቱ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ከወገቡ በታች ግን የሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ረግቶ ይቆያል። አንዱን ይዞ አንዱን መልቀቅ ማለት ይኸው ነው። ይህንን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ በልጅነቱ እያየ ትከሻው አወቀው። ያው ሰው በማግስቱ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ግን ሌላ ነው። በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይውላል፤ የጤፍ መሬት ደግሞ ተደጋግሞ ይታረሳል። አረሙ ሲደርስ ማጎንበስ፣ አጨዳው ሲደርስ ቁጢጥ ማለት ይከተላል። ወገቡ ቀን ሙሉ ሲሠራ ውሎ እስኪያመው ድረስ መኖሩን አያስታውሰውም። ፒላቴስ ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ወገብ ላይ ነው።

ሰው በጨለማ እንኳ ጉርሻውን አፉን ሳይስት የሚጎርሰው እጁ የት እንዳለ ሳያይ ስለሚያውቅ ነው። ወሬውን ለአንጎል የሚያደርሱት በጡንቻ ውስጥ ያሉ መለጠጥን የሚለዩ ጥቃቅን ሕዋሳት፣ ጡንቻን ከአጥንት በሚያያይዘው ጅማት ያሉ ጉተታን የሚለዩ ሌሎች ሕዋሳት፣ እንዲሁም የመገጣጠሚያና የቆዳ ነርቮች ናቸው። የውስጥ ጆሮ ደግሞ የራስን አቀማመጥ ይነግራል። አንጎል ይህን ሁሉ ሰብስቦ የሰውነትን ካርታ ይሠራል። ካርታው ላይ ግን ድልድሉ እኩል አይደለም፤ ከንፈርና ጣት ሰፊ ርስት ሲይዙ ለጀርባ የደረሰው ጠባብ ቁራሽ ነው። ወገቡን ለረጅም ጊዜ ያመመው ሰው ደግሞ ጀርባው ሲነካ የተነካበትን ቦታ ለይቶ ለመናገር ከጤነኛው ይልቅ እንደሚቸገር በጥናት ታይቷል። ዝግታውና ትኩረቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዘዴውን ያበጀው እ.ኤ.አ. በ1883 በጀርመን ሙንሸንግላድባኽ የተወለደው ዮሴፍ ፒላቴስ ነው። በልጅነቱ አስምና ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት በሽታ የጎዱት ደካማ ልጅ እንደነበረ ይነገራል፤ ሰውነቱን የሠራው በጂምናስቲክና በቡጢ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እንግሊዝ አገር ስለነበር እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተይዞ በማን ደሴት ካምፕ ታሠረ። በዚያ ለእስረኞች እንቅስቃሴ ያስተምር ነበር። የሕመምተኛ አልጋ ላይ ስፕሪንግ አስሮ መሣሪያ ሠራ የሚባለው ታሪክ ከዚህ ዘመን ነው፤ ታሪኩ በየመጽሐፉ ይደገማል፣ ማስረጃው ግን ሳሳ ያለ ነው። በ1926 ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ከባልንጀራው ከክላራ ጋር ስምንተኛው ጎዳና ላይ ማሠልጠኛ ከፈተ። መጀመሪያ ነገሩ የገባቸው የዳንስ ሰዎች ናቸው፤ የዳንስ መሪዎቹ ጆርጅ ባላንቺንና ማርታ ግሬሃም የተጎዱ ዳንሰኞቻቸውን ወደ እሱ ይልኩ ነበር። እሱ ራሱ ዘዴውን «ኮንትሮሎጂ» ይለው ነበር፤ በመምህሩ ስም መጠራቱ የጸናው ኋላ ነው። ፒላቴስ በ1967 ሞተ። በ2000 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ስሙ የማንም ብቸኛ የንግድ ምልክት ሊሆን እንደማይችል ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ሳይጠይቅ ማንም በስሙ ያስተምርበታል። የመምህራኑ ችሎታ ከቦታ ቦታ እጅግ የሚለያየውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

የትምህርቱ እምብርት ሆድና ወገብ ነው። ገበሬ ከባድ ሥራ ሲይዝ ወገቡን በመቀነት ጠበቅ ያደርጋል። ሰውነትም የራሱ መቀነት አለው፦ ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ወደ ውስጥ ያለው፣ ዙሪያውን የሚታጠቀው አግዳሚ ጡንቻ። ከላይ መተንፈሻው ድያፍራም፣ ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች፣ ከኋላ አከርካሪውን ተጠግተው የሚወርዱት አጫጭር ጡንቻዎች አሉ። አራቱ አብረው ሲሠሩ ሆድ እንደ ተነፋ ኳስ ሆኖ አከርካሪውን ይደግፋል። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ሰው ክንዱን ሊያነሣ ሲል አግዳሚው ጡንቻ ከክንዱ ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ወገቡን በሚያመው ሰው ላይ ግን እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ይህ ማለት ሆድን ስቦ ትንፋሽን ዘግቶ መዋል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው መቀነቱ በጊዜው መጥበቁና በጊዜው መላላቱ ነው። ትንፋሽም በዚሁ ይገባል፦ አየር ሲገባ ጎንና ጎን ይሰፋል፣ ሲወጣ ሆድ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ከባዱ እንቅስቃሴ የሚሠራው አየሩ ሲወጣ ነው።

ለመጀመሪያው ልምምድ መሬት ላይ የተዘረጋ ሰሌንና በላዩ የታጠፈ ጋቢ ይበቃል። ተለማማጁ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ያጥፍ፣ የእግሩን መዳፍ መሬት ያስረግጥ፤ አንድ እጁን ወገቡ ሥር ይክተት። ዳሌውን ወደ ሆዱ ሲያጥፍ ወገቡ እጁን ይጫነዋል፣ ወደ እግሩ ሲመልስ ክፍተቱ ይሰፋል። ደጋግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ እጅ ብቻ የሚያሳልፈውን ቦታ ፈልጎ ያገኛል። ይህን ቦታ በእጁ ሳይሆን በወገቡ ለማወቅ ጥቂት ቀን ይወስድበታል። ቀጥሎ እጁን አውጥቶ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ውኃ የተሞላ ሲኒ ያስቀምጥና አየር እያስወጣ አንድ እግሩን ጉልበቱ እንደ ታጠፈ ያነሣል። ዳሌው ወደ ጎን ካጋደለ ሲኒው ይነግረዋል። ቀኝ እግሩን ሲያነሣ ጸጥ ያለው ውኃ ግራውን ሲያነሣ ቢፈስ ሊደንቀው አይገባም፤ በአንድ እጅ እርፍ ይዞ የኖረ ሰውነት ከሁለት አንዱን ጎን አስበልጦ ቢያውቅ የተለመደ ነው።

ይህን የተካነ ወደ «መቶው» ይሻገራል። ዮሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ከዘረዘራቸው 34 የምንጣፍ ልምምዶች የመጀመሪያው ነው። ራስና ትከሻ ከመሬት ተነሥቶ፣ እግር ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ቀጥ ያሉ ክንዶች ከጎን ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አምስት ምት አየር ሲገባ፣ አምስት ሲወጣ፣ አሥር ዙር። አንገት ካመመ ራስን መሬት ላይ አሳርፎ መሥራት ይቻላል። በከተማ ጂሞች የሚታየው፣ ሪፎርመር የሚባለው ተንሸራታች አልጋ ስፕሪንጎች አሉት፤ አንዳንዴ ሥራውን ያከብዳሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ደካማውን ይደግፋሉ፤ ያለ እሱ ግን ትምህርቱ አይጎድልም።

ውጤቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት ግምገማ በወገብ ሕመም ላይ የተደረጉ 10 ጥናቶችን መርምሮ፣ ፒላቴስ ምንም ካለማድረግ ወይም ከትንሽ እርዳታ እንደሚሻል፣ ከሌላ ዓይነት የአካል እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ ግን አሳማኝ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል። ተአምር ነው እያሉ የሚያስተዋውቁትን ይህ ልክ ያስገባቸዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የማይሠሩበት ዘዴም ከወሬ አያልፍም።

አጥንቱ የሳሳ ሰው ወደ ፊት የሚያጣጥፉትን ልምምዶች መተው አለበት፤ እርጉዝ ሴት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በጀርባዋ ለረጅም ጊዜ ባትተኛ ይመከራል። ሕመሙ እስከ እግር የሚወርድ፣ እግርን የሚያደነዝዝ ወይም የሚያዝል ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት በጤና ባለሙያ ነው። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ደግሞ ለነገ አይባልም።

ሰሌን ላይ የተማሩት ወደ ማሳ የሚገባው በትንንሽ ነገር ነው። ገበሬው ከትልሙ ጫፍ ደርሶ ማረሻውን ሲያነሣ ወገቡን ከማጉበጥ ጉልበቱን አጠፍ፣ ቂጡን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋል፤ አየሩን እያስወጣ ቀና ይላል፤ በሬዎቹ ሲዞሩም ወገቡን ብቻ ጠምዝዞ ከመቅረት እግሩን አንሥቶ አብሯቸው ይዞራል።