በማኅበር ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ ወጣቶች

በወር ደመወዝ የሚተዳደር ወጣት ቤት ገዝቶ ለማከራየት ሲያስብ ሁለት ጥያቄዎች ከፊቱ ይደቀናሉ፤ ይኸውም ገንዘቡን ከማን ጋር ላዋጣ? ቤቱንስ ከወዴት ላግኝ? የሚሉት ናቸው። ስለ ሁለቱም ጥቂት እንላለን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፤ ብቻውን የማይችል ሰው ሸሪክ መፈለጉ የተገባ ነው። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዕቁቡ ከደረሰው በኋላም ሳያጓድል የሚጥል የሥራ ባልደረባ፤ ተስፋ ከሚያበዛ ባለጠጋ ይልቅ የታመነ ሸሪክ ይሆናል። ነገር ግን ወዳጅነት የውልን ቦታ አይተካም። እያንዳንዱ ያዋጣው ገንዘብ፤ የኪራዩ አከፋፈል፤ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው የሚገመትበት መንገድ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። ዛሬ በይሉኝታ የታለፈው ነገር ነገ ወዳጆችን ፍርድ ቤት ያቆማል።

ቤት በመፈለግ ረገድ ደላላ መንገድ ጠቋሚ ነው እንጂ ዋስ አይደለም። ዋጋውም የሚገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ስለሆነ ያጣድፋል። ገዢው ግን በሰፈሩ ያሉትን ቤቶች ዞሮ ይይ፤ ኪራያቸውንም ይጠይቅ፤ ከዚያም ያስላ። ለምሳሌ ያህል 3,000,000 ብር የተጠየቀበት ቤት በወር 15,000 ብር ቢከራይ በዓመት 180,000 ብር ያስገባል። ለግብርና ለእድሳት 30,000 ብር ቢወጣ፤ ገንዘቡ የሚመለሰው በ20 ዓመት ነው።

ሕጉንም ማወቅ ግድ ነው። በኢትዮጵያ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጓል። ስለዚህ የሚገዛው ቤቱ ነው እንጂ መሬቱ አይደለም። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነም ያልተከፈለው ዕዳ ይጠየቅ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ሲሆን፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

እንግዲህ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፤ ቤቱም በባንክ አለመያዙና በፍርድ ቤት አለመታገዱ ከመዝገብ ሳይረጋገጥ ቀብድ አይከፈል። የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን ጥድፊያ ሊጠፋ ይችላልና፤ ወጣቶቻችን አስቀድመው እንዲመረምሩ አደራ እንላለን።