የጉልበት መርፌ ከመወጋት በፊት

«ሲስተር፣ ለወንድ ጉልበት የሚሰጥ መርፌ አለ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ከነርስነት ሥራዬ በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ እዚህ ግራና ውስጥ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። ወንዶች ሲጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹም «ለአንድ ወዳጄ ነው» ይላሉ። ሚስቶች ግን ፊት ለፊት ይናገራሉ፦ «ሰውዬው እንደ ድሮው አይደለም። ከእርሻ ሲገባ ይተኛል፤ አያጫውተኝም።» ውጭ አገር ያሉ ልጆች ደግሞ ስልክ ደውለው «ለአባባ ቴስቶስትሮን እንላክለት?» ብለው ያማክሩኛል።

መርፌው አለ። ሆርሞኑ መጉደሉ በምርመራ ለተረጋገጠ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። ላልጎደለበት ሰው ግን ሰውነቱ ራሱ የሚያመርተውን ያስተወዋል፤ ወጣት ከሆነም ልጅ የመውለድ ተስፋውን ለረጅም ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። ይህን ልዩነት ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ሆርሞኑ ምንድን ነው?

ቴስቶስትሮን በዋናነት በወንድ የዘር ፍሬ (ቆለጥ) ውስጥ የሚመረት ሆርሞን ነው። «አምርት» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ግን ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ነው። ጢም የሚያወጣው፣ ድምፅ የሚያጎረንነው፣ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክረው፣ የወሲብ ፍላጎት የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። በቤተ ሙከራ መሥራት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ ይህን የሠሩት ቡቴናንትና ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1939 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ዕድሜ ሲገፋ የሆርሞኑ መጠን በዓመት አንድ በመቶ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም። የ65 ዓመት አባት እንደ 25 ዓመት ልጁ ማሽላ ተሸክሞ ዳገት ባይወጣ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

በሽታ የሚባለው የዘር ፍሬው ወይም ትእዛዝ ሰጪዋ ዕጢ ስትጎዳ ነው። በጉርምስና ወቅት የያዘ ጆሮ ደግፍ ወደ ዘር ፍሬ ወርዶ ሊያሳብጠውና ሊያከስመው ይችላል። አደጋ፣ የዘር ፍሬ መጠማዘዝ፣ የካንሰር መድኃኒት፣ በፒቱታሪ ላይ የሚበቅል ዕጢ፣ ኤች አይ ቪ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ አብሮ የሚወለድ የክሮሞዞም መዛባትም ምክንያት ይሆናሉ። የሥጋ ደዌም የዘር ፍሬን ይጎዳል፤ ደሴ አጠገብ ያለውን የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምናውቅ የወሎ ሰዎች ይህን በሽታ ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እንዲህ ላሉ ሕሙማን የሆርሞን ምትክ ሕክምና ሕይወት የሚለውጥ ነገር ነው።

ድካም ሁሉ የሆርሞን አይደለም

የሰውነት መዛል፣ የፍላጎት መቀነስና ስንፈተ ወሲብ ብዙ ምንጭ አላቸው። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ ሳምባ ነቀርሳ፣ መጠጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና ጭንቀት ሁሉ ወንድን ያደክማሉ። ጦርነት ባለፈበት አካባቢያችን ደግሞ ሐዘኑን ለማንም ሳይናገር የሚኖር አባት ጥቂት አይደለም።

በተለይ ስንፈተ ወሲብ ብዙ ጊዜ የደም ሥር መጥበብ ምልክት ነው፤ ስኳርን ወይም የልብ በሽታን አስቀድሞ ሊጠቁም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ዝም ብሎ መርፌ ቢወጋ ስኳሩ ውስጥ ለውስጥ ዓይኑንና ኩላሊቱን ይበላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደጃፍ ጤና ጣቢያ ነው። የስኳር፣ የግፊትና የደም ማነስ ምርመራ ይደረግለት። ከዚያ የጤና መድን ያለው መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ወደ ወልድያ፣ አስፈላጊም ከሆነ ወደ ደሴ ሆስፒታል ይሂድ።

ውፍረት ያለበት ሰው ክብደቱን ሲቀንስ፣ በቂ እንቅልፍ ሲተኛና መጠጥ ሲተው ሆርሞኑ ያለ መርፌ ከፍ ሊል እንደሚችልም ይታወቅ።

ምርመራው በጧት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ

ቴስቶስትሮን በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ከፍ የሚለው በጧት ነው። ስለዚህ ደሙ ምግብ ሳይበላ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መወሰድ አለበት። አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ቢገኝ በሌላ ቀን ይደገማል። ብዙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ በዴሲሊትር ደም 300 ናኖግራም ነው፤ ሁለቱም ውጤቶች ከዚህ በታች ሆነው የሕመም ምልክትም ሲኖር ብቻ ጎድሏል ይባላል።

ይህ ለእኛ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የሆርሞን ምርመራ በጤና ጣቢያ አይሠራም። ከግራና ተነስቶ፣ መኪና ጠብቆ፣ እኩለ ቀን ላይ ደሴ ደርሶ ደም የሚሰጥ ሰው የማያስተማምን ውጤት ይዞ ይመለሳል። ዘመድ ቤት አድሮ በማግስቱ ጧት ይስጥ። ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ይዞት የሰነበተም እስኪያገግም ይቆይ፤ ሕመም በራሱ ሆርሞኑን ለጊዜው ዝቅ ያደርገዋል።

ወጣቶችና የጂም መርፌ

እናቶችና አባቶች በዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ፒቱታሪ «በቂ አለ» ብላ ትእዛዟን ታቆማለች። ያኔ የዘር ፍሬው ሥራ ይፈታል፤ ይኮማተራል፤ የዘር ሕዋስ ማምረቱንም ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ተመልክቶ መርፌው ለወንዶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ይሆን እንደሆነ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው በዚያ ጥናት ጤነኛ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ተወግተው፣ በስድስት ወር ውስጥ ከግማሽ በሚበልጡት የዘር ፈሳሽ አንድም የዘር ሕዋስ አልተገኘም።

እንግዲህ ደረቱን ለማስፋት የሚወጋ አዲስ ሙሽራ ምን እየሠራ እንደሆነ ይታያችሁ። ዓመት አልፎ ልጅ ሲጠፋ በእኛ አገር ጣት የሚቀሰረው በሚስት ላይ ነው። እርሷ ጠበል ለጠበል፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ትንከራተታለች፤ ምክንያቱ ግን በባሏ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። ደግነቱ መርፌው ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ዘሩ ይመለሳል። መመለሱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ የሚፈልግና ሆርሞኑ በእውነት የጎደለ ወንድ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ የዘር ፍሬውን የሚያነቃቁ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

ሯጭ ልጅ ያላችሁም አስታውሱ፤ ቴስቶስትሮን ከተከለከሉት አበረታች ቅመሞች አንዱ ነው። በአንድ መርፌ ተራ በተራ መወጋት ደግሞ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። መድኃኒቱ በዘይት የተዘጋጀ ስለሆነ በጡንቻ ውስጥ በጥልቀት፣ ቀስ ተብሎ ይወጋል፤ መቀመጫ ላይ ቦታውን ስቶ የወጋ ሰው እግር የሚያሰንፍ የነርቭ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ሕክምናውን የጀመረ ሰው

የታዘዘለት ሰው ተአምር አይጠብቅ። የወሲብ ፍላጎት በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል፤ ጡንቻና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። ሕክምናው ለብዙዎች የዕድሜ ልክ ነው። ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ፣ ቀጥሎም በየዓመቱ ደሙ ይታያል። መርፌው ደምን ሊያወፍር ስለሚችል ሄማቶክሪት የሚባለው ልኬት ከ54 በመቶ ካለፈ ሕክምናው ይቋረጣል። የፕሮስቴት ዕጢም ይመረመራል።

የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር ያለበት ወንድ አይወጋም። በቅርብ ወራት የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ያጋጠመው፣ ደሙ የሚረጋበት፣ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይጀምር። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሳ አባትም ይህን አይደብቅ። ሰስታኖን በሚባለው መርፌ ውስጥ የለውዝ ዘይት ስላለ ለውዝ የማይስማማው ሰው አይወጋውም።

ስለ ልብ ብዙ ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና ከ5,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሆርሞኑ በእውነት ዝቅ ያለባቸው ሰዎች በሐኪም ክትትል ሲታከሙ የልብና የስትሮክ አደጋው እንዳልጨመረ አሳይቷል። የልብ ምት መዛባትና በሳምባ የደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታይቷል። ክትትል ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከውጭ የሚላከው ቅባትና የልጅ ልጆች

በቆዳ ላይ የሚቀባ ጄልም አለ። አያት ትከሻው ላይ ተቀብቶ የልጅ ልጁን ቢያቅፍ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ ቆዳ ይሻገራል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የተጎዱ ልጆች በመገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጄሉ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ልጆቹ ያለ ዕድሜያቸው የብልት ፀጉር አብቅለው፣ ብልታቸው አድጎ፣ ጠባያቸውም ተለውጦ ነበር። ጄል የሚጠቀም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሲደርቅም የተቀባውን ቦታ በልብስ ይሸፍን። ነፍሰ ጡር ሴትም አትንካው።

ይህን ሁሉ ሳያውቅ በራሱ ጊዜ መወጋት የጀመረ ሰው ካለ አይሸማቀቅ፤ ድንገት ሲያቆመው ድካምና ድብርት ሊጫነው ስለሚችል ሐኪም አማክሮ ያቁመው። ገና ሊጀምር ያሰበ ሰው ደግሞ ሐኪሙን አራት ነገር ይጠይቅ፦ ሆርሞኔ ጎድሎ የተገኘው በስንት የጧት ምርመራ ነው? የጎደለበት ምክንያትስ ምንድን ነው? ልጅ መውለድ ብፈልግ ምን ይሆናል? ክትትሉን የት፣ በስንት ጊዜ አደርጋለሁ? ለእነዚህ አራቱ መልስ ሳያገኝ መርፌውን አይቀበል።