ዲስኩ ይተካል፣ ሠርጉ ግን አይደገምም

አስተዋይ ነጋዴ ያለውን ዕቃ ሁሉ በአንድ መጋዘን አያከማችም። እሳት ቢነሳ ወይም ሌባ ቢሰብር ሙሉ ካፒታሉን እንዳያጣ ከፊሉን በሌላ ሥፍራ ያስቀምጣል፤ ከዚያም አልፎ መድን ይገባል። ይኸው ነጋዴ የሠርጉን ቪዲዮ፣ የልጆቹን ልደት፣ የሟች ወላጆቹን ድምፅና ምስል ግን በአንዲት ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ አኑሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቆልፍ ይታያል።

ስልኩ ሲሞላ ፎቶግራፎቹን ወደ ዲስክ አዛውሮ ከስልኩ ላይ መሰረዝም የተለመደ ነው። ይህ ቦታ መቀየር እንጂ መጠባበቂያ መያዝ አይደለም። ቅጂው አሁንም አንድ ነው።

የቪዲዮ ካሴት ሲያረጅ ምስሉ እየደበዘዘ ባለቤቱን ያስጠነቅቅ ነበር። ሃርድ ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ በድንገት ነው የሚሞተው። በውስጡ ያሉት ክብ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። መረጃውን የሚያነበው ክፍል ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ላይ ያንዣብባል። በሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ ሳህኑ ሊፋቅ ይችላል፤ በመቅዳት ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ለመሆኑ አደጋው ምን ያህል ነው? በርካታ ዲስኮችን የሚያሠራው ባክብሌዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ለ2023 ያወጣው ዓመታዊ የብልሽት መጠን 1.7 በመቶ ነበር። ቁጥሩ አነስተኛ ይመስላል። ነገር ግን ኩባንያው ኪሳራውን በብዙ ዲስኮች ላይ ያከፋፍለዋል። አንድ ዲስክ ብቻ ያለው ቤተሰብ ዕጣው ከደረሰው የሚያጣው መቶ በመቶ ነው።

የአምራቹ ዋስትናም ከዚህ አያድንም። ዋስትናው የሚተካው ዕቃውን እንጂ በውስጡ ያለውን ምስል አይደለም። የተበላሸ ዲስክ ከፍተው መረጃ የሚያወጡ ባለሙያዎች ቢኖሩም፣ ክፍያው ከዲስኩ ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ውጤቱም እርግጠኛ አይደለም።

መፍትሔው ነጋዴ አስቀድሞ የሚያውቀው ነው፤ አደጋን ማከፋፈል። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቀው ደንብ «3-2-1» ይባላል። ይኸውም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ማለት ነው። በአንድ መሳቢያ የተቀመጡ ሁለት ዲስኮች አብረው ይቃጠላሉ፣ አብረውም ይሰረቃሉ። በመሆኑም አንዱን እህት ወይም ወንድም ቤት፣ ከተቻለም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ዘንድ ማኖር ይበጃል።

በኢንተርኔት ማስቀመጥም አንድ አማራጭ ነው፤ ሆኖም የራሱ ውል አለው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል ደንቡ ይገልጻል። ረጃጅም ቪዲዮዎችን መጫንም የኢንተርኔት ጥቅልን ይበላል። ስለዚህ ምርጥ ፎቶግራፎችን በኢንተርኔት፣ ቪዲዮውን በሁለተኛ ዲስክ መያዝ ወጪን ይቀንሳል።

ሁለተኛውን ዲስክ ሲገዙ ግን በዋጋ ርካሽነት መታለል አይገባም። አቅማቸው በሐሰት የተጻፈባቸው ዲስኮችና ፍላሾች በገበያ ይሸጣሉ። 2 ቴራባይት የተባለው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያ በላይ የተጫነው ሁሉ የተቀዳ ይመስላል እንጂ ተመልሶ አይገኝም። ገዢው ዲስኩን ሞልቶ፣ የቀዳውን መልሶ ከፍቶ ሳያይ ዋናውን መሰረዝ የለበትም።

ይህ ጥንቃቄ ለትልልቅ ድርጅቶችም ትምህርት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 የፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2» ካርቱን ፊልም አብዛኛው ክፍል በአንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ ተደመሰሰ። መጠባበቂያው ሲፈተሽ በትክክል ሳይሠራ መቆየቱ ታወቀ። ፊልሙን ያተረፈው ከወሊድ በኋላ ቤቷ ሆና ትሠራ የነበረችው ጋሊን ሱስማን በቤቷ ኮምፒውተር የነበራት ቅጂ ነው።

ነጋዴ ሰኔ 30 ሒሳቡን ሲዘጋ ዕቃውን ይቆጥራል። በዚያው ቀን ዲስኮቹን አውጥቶ፣ ከየዓመቱ አንድ አንድ ቪዲዮ ከፍቶ ቢያይ የሚወስድበት ግማሽ ቀን ነው። የማይተካው ንብረት በቆጠራው መግባት አለበት።