ይዞራል እንጂ አይነሳም

ከአሶሳ የህዳሴው ግድብ ወዳለበት ወደ ጉባ ስንወርድ ለሻይ ቆምን። የያዝነው መኪና አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነው። ማንጎ ጥላ ሥር አቁመነው ሻያችንን ጠጥተን ስንመለስ፣ ረዳቱ ቀድሞ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ውር፣ ውር፣ ውር አለ፤ ሞተሩ ግን አልነሳም። ደገመው። ሦስተኛውን ሲጀምር ሾፌራችን ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ጮኹበት።

«ተው አንተ! ሞተሪኖውን ልታነደው ነው?»

«ጋሼ፣ ባትሪው ደክሞ ይሆናል እኮ።»

«ደክሞ ቢሆን እንዲህ ይዘፍናል?»

እውነታቸውን ነው። «አልነሳ አለ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ሁለት የማይዛመዱ በሽታዎች ናቸው። ቁልፍ ሲዞር ጭራሽ ዝም የሚል፣ ወይም አንዴ ቀጭ ብሎ የሚቀር መኪና ሕመሙ የባትሪ፣ የገመድ ወይም የሞተሪኖ ነው። ሞተሪኖው በጉልበት እያዞረው የማይነሳ ሞተር ግን ባትሪ ቢቀይሩለትም የሰፈር ሰው ተሰብስቦ ቢገፋውም ያው ነው። የሞተሪኖ ድርሻ ሞተሩን በደቂቃ 200 ዙር ገደማ እያዞሩ መቀስቀስ ነው። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ በራሱ እሳት መቆም አለበት። የጠፋው ያ እሳት ነው። ሞተሪኖ ደግሞ የሚጎትተው ኤሌክትሪክ ብዙ ስለሆነ፣ ከ10 ሰከንድ በላይ ሳያሳርፉ ማዞር በአንድ ብልሽት ላይ ሌላ መጨመር ነው።

በ1900 ዓ.ም. ግድም ለዳግማዊ ምኒልክ የመጡት መኪኖች ሞተሪኖ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ከፊት በሚሰካ ማኒቬላ በሰው ክንድ ነበር የሚቀሰቀሱት። ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና ለገበያ ያቀረበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ነው። ማኒቬላ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ቺንጋ፦ የጋራዣችን አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። የህዳሴው ግድብ ዋና ተቋራጭም የጣሊያኑ ሳሊኒ፣ የዛሬው ዊቢልድ፣ መሆኑን ሳስብ፣ ጉባ ላይ የተገናኙት ሁለቱ ቋንቋዎች ቀድሞም ጋራዥ ውስጥ ይተዋወቁ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ወደ ማንጎው ጥላ ልመለስ። ሾፌራችን ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ወደ መኪናው ኋላ ዞሩ። «አንዴ አዙር፤ ጭሱን ልየው።» ረዳቱ አዞረ። ከጭስ ማውጫው ምንም አልወጣም። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን ወደ 20 እጥፍ ጨምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ያግለውና ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሲዞር ነጭ ጭስ ቢያወጣ፣ ናፍጣው ደርሷል ግን አልነደደም ማለት ነው፤ የጭመቃ ማነስ ወይም በብርድ ጊዜ የማሞቂያው ችግር ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ጭስ ከሌለ ናፍጣው ከመንገድ ቀርቷል። አንድ እፍኝ ጭስ ከመቶ ግምት ይበልጣል።

ቀጥሎ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ አስከፈቱትና ጆሯቸውን ወደ ናፍጣ ፓምፑ አስጠጉ። ቀጭ አለች። በአሮጌ ናፍጣ ሞተሮች ፓምፑ ላይ ነዳጁን የምትዘጋና የምትከፍት ትንሽ የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለች። ሽቦዋ ከላላ ወይም ፊውዟ ከተቃጠለ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቢዞር አይነሳም። የእኛዋ ደህና ናት። ቀረ ፊልትሮው። በላዩ ያለውን የእጅ ፓምፕ በመዳፋቸው ሲጫኑት ልል ነበር፤ የአየር ማውጫውን ብሎን ፈታ ሲያደርጉት የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር ፊሽ ብሎ ወጣ።

«አየር ገብቶበታል» አሉ፣ ቀድሞም እንደሚያውቁት ሁሉ።

ያን ዕለት ጧት ፊልትሮ አስቀይረን ነበር። የቀየረልን ልጅ የላስቲክ ቀለበቱን አጣሞ አስሮታል። መኪናው እስከ ሻይ ቤቱ ድረስ በደህና የመጣው ሞተሩ ሳያቋርጥ ስለሚስብ ነው። ቆም ሲል ናፍጣው ወደ ሳልባትዮው ተንሸራትቶ ተመለሰ፣ ቦታውን አየር ያዘ። ቀለበቱን አስተካክለው አሰሩትና አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ በእጅ ገፉት። ከዚያ ሞተሩ በሁለተኛው ዙር ተነሳ። በዚህ መንገድ ናፍጣ በበርሜልና በጄሪካን ስለሚሸጥ ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስም አይረሳም፤ ውሃ አይነድም።

ቤንዚን ሲሆን ጥያቄዎቹ ይለወጣሉ እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ቁልፉን ከፍተው ሳያስነሱ ያድምጡ፦ በብዙዎቹ መኪኖች ከኋላ ወንበር ሥር የነዳጅ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝ ይላል። ዝም ካለ መጀመሪያ ፊውዙን ይዩ፤ ከርካሽ ዕቃ መጀመር አያሳፍርም። ደጋግመው አዙረውት ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጁ ደርሷል፣ የጠፋው የካንዴላው እሳት ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ እንዲህ ያለውን ፓምፕ በመቀየር የሚያድን ሰው የለም። የሞተሪኖው ድምፅ ከወትሮው ፈጥኖና ቀልሎ ከተሰማስ? ያን ጊዜ ማዞሩን ያቁሙ። የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

ለጉባ ሰው አንድ ልጨምር። እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሞተሩ ሲዞር ቆጥሮ ለኮምፒውተሩ «አሁን ለኩስ» የሚለው የክራንክ ሴንሰር ሲያረጅ በሙቀት ይደነዝዛል። መኪናው በመንገድ ላይ ይጠፋል፣ ሰዓት ቆይቶ ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል፣ ጋራዥ ሲደርስም «ምንም የለበትም» ይባላል። ብልሽቱን መያዝ የሚቻለው ሲግል ብቻ ነው። በብዙ መኪና ሲዞር የዙር ቆጣሪው መርፌ ንቅንቅ ካላለች ጥርጣሬው ወደዚህ ሴንሰር ይሄዳል።

«ሴንሰር ቀይር፣ ካልሆነ ፓምፕ ቀይር» የሚለው ሕክምና ያስቆጣኛል። የተቀየረው ዕቃ አይመለስም፤ ብልሽቱ ግን ቦታው ላይ አለ። ኮምፒውተር ማስነበብም ቢሆን የተበሳጨውን ሴንሰር ይጠቁማል እንጂ ለምን እንደተበሳጨ አይናገርም። እርግጥ ይህ ሁሉ ጣጣ የነዳጅ መኪና ነው፦ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ሞተሪኖም ካንዴላም የላቸውም። በጉባ መንገድ ያገኘናቸው የጭነት መኪኖች ግን ገና ናፍጣ ያጨሳሉ።

አመሻሽ ላይ ግድቡ ታየን። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦለት፣ የካቲት 13 ቀን 2014 የመጀመሪያውን ኃይል ሰጥቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በይፋ ተመረቀ። 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ሾፌራችን ብዙ አይተው ሲያበቁ፦

«ለዚህስ ሞተሪኖው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ውሃው ራሱ ነው አልኳቸው። በሩ ሲከፈት መንኮራኩሩን ያዞረዋል። ግን መዞሩ ብቻ መብራት አይሰጥም፤ የሚሽከረከረው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ተልኮበት ማግኔት ካልሆነ ጄኔሬተሩ ባዶውን ይዞራል። ማግኔት ከሆነም በኋላ ፍጥነቱ ከአገሩ መስመር ጋር፣ በሰከንድ 50 ምልልስ ላይ፣ ካልገጠመ አይያያዝም።

«እንግዲያ ይሄም ይዞራል እንጂ አይነሳም የሚባል አለው በለኛ። ያ መጀመሪያ የሚላከው ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል?»

ብዙውን ጊዜ ከባትሪ፣ ወይም ከራሱ ከመስመሩ። አገሩ ሁሉ ቢጨልም ግን እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች የዘይት ፓምፖቹንና በሮቹን የሚያንቀሳቅስ የናፍጣ ጄኔሬተር በተጠንቀቅ ይቆማል።

«ናፍጣ?»

«አዎ፣ ናፍጣ።»

«ሞተሪኖ አለው?»

«አለው።»

ወደ ረዳታቸው ዞሩ። «ሰማህ? ፊልትሮውን ማን እንደሚቀይርላቸው ጠይቅልኝ።»