ስኳሩ ሲጠራ፣ ሚዛኑም ሲቆም

ፈረንሳዊው አርሴን ቬንገር እ.ኤ.አ. በ1996 ከጃፓኑ ግራምፐስ ኤይት ወደ ሃይበሪ ሲመጡ በእንግሊዝ ማን እንደሆኑ በቅጡ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም። ሰውየው ግን ገና ከመግባታቸው ዓይናቸውን የጣሉት በተጫዋቾቹ ሳህን ላይ ነበር። ቸኮሌት ተነሣ፤ በምትኩ አትክልት፣ ዓሣና ዶሮ ቀረበ። ኦክቶበር 12 ቀን ለመጀመሪያ ጨዋታቸው ወደ ብላክበርን በተጓዙበት ወቅት ከአውቶቡሱ ውስጥ ዝማሬ ተሰማ። ተጫዋቾቹ የለመዷት «ማርስ» ቸኮሌት እንድትመለስላቸው በኅብረት እየጠየቁ ነበር! ታሪኩን ከዓመታት በኋላ ያወሩት ራሳቸው ቬንገር ናቸው። መድፈኞቹ የዚያን ቀን በኢያን ራይት ሁለት ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የሊጉንም የኤፍ ኤ ካፑንም ዋንጫ ጠቅልለው ወሰዱ።

እንግዲህ አስቡት። ሐኪም፣ ወጌሻና ወጥ ቤት የተመደበላቸው፣ ለሰውነታቸው ደመወዝ የሚከፈላቸው ጎልማሶች በቸኮሌት አምሮት ዘፈን ካወጡ፣ በዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱ ለስላሳ የተደረደረለት ደጋፊ ቢፈተን ምን ይገርማል?

ዛሬ ዛሬ በከተማችን እንጀራውን፣ ዳቦውንና ስኳሩን ቀንሶ ቦርጩን ለማጥፋት የሚታገለው ብዙ ነው። ሐኪም «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ቀንስ» ያለውም አለ፤ በቅዳሜ ኳስ ላይ ሁለት ጊዜ ሮጦ ትንፋሹ የተቆረጠበትም አለ። ሁሉም የሚሰናከሉት ግን ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የጣፋጭ አምሮት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሚዛኑ በድንገት ቀጥ ብሎ አልንቀሳቀስ የሚልበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ለእኔ አልሠራም» ብሎ ሜዳውን ጥሎ ይወጣል። ጨዋታው ግን ገና አላለቀም።

የመጀመሪያው ሳምንት ጎል

ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ ሊወርድለት ይችላል። ደስታው ሌላ ነው። ቀበቶው ላላ፣ ጓደኞች አደነቁ። ችግሩ ከዚህ ጎል ውስጥ አብዛኛው በኦፍሳይድ የሚሻር መሆኑ ነው።

ሰውነታችን ከእንጀራ፣ ከፓስታና ከስኳር ያገኘውን ኃይል በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣል። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ይህ ክምችት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይደርሳል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬቱ ሲቀንስ ክምችቱ ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ሚዛኑ ላይ የታየው ኪሎ በአብዛኛው ይሄ ነው።

ስብ ግን እንዲህ አይቸኩልም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ቅነሳው በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ ዝቅ ሲል ሰውየው «ቆመብኝ» ይላል። እውነተኛው ጨዋታ የጀመረው ገና አሁን ነው። በተቃራኒው እሁድ ዕለት ግብዣ ላይ እንጀራና ኬክ በልቶ ሰኞ ጠዋት ሚዛን ላይ የወጣ ሰው አንድ ተኩል ኪሎ ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። በአንድ ቀን ይህን ያህል ስብ አልሠራም፤ ውሃው ነው የተመለሰው።

አምሮቱ የሚመጣበት ሰዓት አለው

ስኳር የሚጠራን ሁልጊዜ ስለራበን አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጠራን ሰዓቱና ቦታው ነው። ከምሳ በኋላ ማኪያቶ፣ በዕረፍት ሰዓት ለስላሳ፣ ቡድናችን ሲሸነፍ ደግሞ ቦምቦሊኖ! አእምሮ ይህን ከለመደ ዳኛው የዕረፍቱን ፊሽካ ሲነፋ ምራቅ ይመጣል።

ቁጥሩን እንየው። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ አንድ ኮካ ኮላ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚያስፈልገን ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ መክሯል። 5 በመቶ ማለት ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። አንዱ ጠርሙስ ብቻውን አለፈው። ለስላሳ አልጠጣም የሚለውስ? በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው አሥራ ሁለት ማንኪያ ጨርሷል።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ረሃብን አስቀድሞ መዝጋት። ጠዋት እንቁላል ወይም አይብ በጎመን የበላ ሰው በባዶ ሆዱ ቡና ብቻ ጠጥቶ ከወጣው ይልቅ ከሰዓት በኋላ በኬክ ቤት በር ላይ ቢያልፍ ይቀለዋል። ሁለተኛ፣ አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ውሃ ጠጥቶ፣ ተነሥቶ ትንሽ ተራምዶ ማሳለፍ ይቻላል። ሦስተኛ፣ የለመደውን ሰዓት ባዶ አለመተው። በዕረፍት ሰዓት እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ አምቦ ውሃ በሎሚ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ ይያዝ። የሻዩን ስኳር በአንድ ቀን ማቆም ያቃተው በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ፤ ምላስ ይለምዳል።

አራተኛው እንቅልፍ ነው፤ እዚህ ላይ የኳስ ቤተሰብ ልብ ይበል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከቺካጎ የወጣ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ አስተኛቸው። የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን 18 በመቶ ሲቀንስ፣ የረሃቡ ግሬሊን 28 በመቶ ጨመረ። በጣም ያማራቸውም ጣፋጭና ዳቦ ነክ ምግብ ነበር። በአውሮፓ ክረምት ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ 7 ሰዓት ገደማ የሚያልቅ የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ አይቶ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ ሥራ የሚገባ ደጋፊ በማግስቱ ስኳር ቢጠራው የጠባይ ድክመት አይደለም። ሌሊቱ ነው የሚጠራው።

ሜሲ ምን ተወ?

አርጀንቲናዊው ኮከብ እ.ኤ.አ. በ2014 ሜዳ ላይ ሲያስመልሰው ደጋግመን አይተናል። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊያኖ ፖዘር ዘንድ ሄደ። ሐኪሙም ስኳርንና የተጣራ ዱቄትን አስቀነሱት። እ.ኤ.አ. በ2018 ሜሲ ራሱ ለአገሩ ቴሌቪዥን ሲናገር በ22 እና በ23 ዓመቱ ቸኮሌት፣ ለስላሳና አልፋሆር የተባለውን የአርጀንቲና ጣፋጭ ይበላ እንደነበር፣ በኋላ ግን ወደ ዓሣ፣ ሥጋ፣ አትክልትና ሰላጣ እንደተመለሰ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኳታር ዋንጫውን ሲያነሣ 35 ዓመቱ ነበር፤ ሰባት ጎልም አግብቷል። ይህን ሁሉ ያመጣው ምግቡ ነው ማለት አይቻልም፤ እግሩም አለ እኮ!

ነገር ግን አንድ ነገር እንዳይሳሳት። ፖዘር ስኳርና ነጭ ዱቄት ሲነሡ ያልተፈተገ እህል፣ ፍራፍሬና አትክልት እንዲበላ መክረዋል። በልምምድ የሚነድ ሰውነት ካርቦሃይድሬት ይፈልጋልና። የእኛኑ ሯጮች ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት አሥር ታላላቅ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ከሚበሉት ኃይል 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ሆኖ ተገኝቷል። እንጀራ የማንም ጠላት አይደለም። ጥያቄው ምን ያህል እናቃጥላለን ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ማታ ኳስ የሚያይ ሰው የሯጭ ሳህን ይዞ የሯጭ ወገብ መጠበቅ የለበትም።

ሚዛኑ ቀጥ ሲል

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንምጣ። ሁለት ሦስት ወር በደንብ ሄዶ፣ ስምንት ኪሎ ወርዶ፣ ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ምንም! ምን ተፈጠረ?

ቀላሉ ምክንያት፣ ያነሰ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ያነሰ መሆኑ ነው። በ92 ኪሎ ያስቀነሰ ሳህን በ84 ኪሎ ልክ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ሰውነት ራሱ ይቆጥባል። በአሜሪካ «ዘ ቢገስት ሉዘር» በተባለው የክብደት መቀነስ የቴሌቪዥን ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ ከስድስት ዓመት በኋላ መርምረዋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት መሠረት የሰዎቹ ሰውነት ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አሳንሶ ያቃጥል ነበር። በጥድፊያና በረሃብ የሚገኝ ድል ዋጋ አለው ማለት ነው።

ስለዚህ ሚዛኑ ሲቆም ምግቡን በግማሽ መቁረጥ ትክክለኛው ቅያሪ አይደለም። አስቀድሞ ቆሟል ወይ ብሎ ማረጋገጥ ይሻላል። በየቀኑ መመዘን ነርቭ ከሆነባችሁ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከመብላት በፊት ተመዘኑ። ወገባችሁን በሜትር ለኩ። ኪሎው ሳይወርድ ወገቡ ሁለት ሴንቲ ከጠበበ ጨዋታው በእናንተ እጅ ነው። ሴቶች ደግሞ በወር አበባ ሰሞን ውሃ ስለሚይዙ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያነጻጽሩ። ከሦስትና አራት ሳምንት ያነሰ መቆም መቆም አይባልም።

ከዚያ ሾልኮ የሚገባውን ፈልጉ። ኮሎ ገብስ ነው፤ እፍኝ እፍኝ እያሉ ሲበሉት ዳቦ ይሆናል። ጁስ ቤት ውስጥ የአቮካዶ ጁስ ላይ ስኳር ይጨመራል። ጃምቦውም አለ፤ ቢራ ካርቦሃይድሬትም አልኮልም ስለሆነ በአንድ ደርቢ አራት ጃምቦ የሳምንቱን ልፋት ይበላል። ክትፎስ? ካርቦሃይድሬት የለውም ተብሎ በቅቤ የሚዋኝ ከሆነ ልብ በሉ፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሆን አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ነው።

የጾም ጊዜም የራሱ ፈተና አለው። ሥጋና እንቁላል ሲነሣ ፓስታና ዳቦ ቦታውን ይይዛሉ። ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ከነጭ ዳቦ ይሻላሉ፤ እንጀራውን ቀንሶ ወጡን፣ ጎመኑንና ሰላጣውን ማብዛት ነው። በረመዳን የሚያፈጥርም ሁለት ሦስት ቴምር በልቶ ወደ ሾርባው ቢሄድና ጣፋጩን ቢያሳንስ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻም ጡንቻ። ክብደት የሚቀንስ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻም ያጣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳት፣ ፑሻፕ ወይም ደረጃ መውጣት ይህን ይከላከላል። በእግር መሄድም አይናቅ።

ለመሆኑ ካርቦሃይድሬት መቀነስ ከሌላው መንገድ ይበልጣል ወይ? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት 609 ሰዎች ለ12 ወር ተከፍለው፣ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ። አቻ ውጤት ነው! ሁለቱም ቡድኖች ግን ስኳርና ነጭ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ ለዓመት ልትቆዩበት የምትችሉት መንገድ ይሻላል።

በሮናልዶ ላይ የሳቅን ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ብራዚላዊው ሮናልዶ በጋና ላይ 15ኛ የዓለም ዋንጫ ጎሉን ሲያገባ እንኳ ወሬው ስለ ቦርጩ ነበር። ስንቱ አልቀለደበት! እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በ34 ዓመቱ ጫማውን ሲሰቅል ግን ከአራት ዓመት በፊት በሚላን የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ እንደተገኘበት ተናገረ። ይህ ሕመም ሰውነት ኃይል የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ሁሉን አስተካክሎ ሚዛኑ ለወራት አልወርድ ያለው፣ በዚያ ላይ ብርድ ብርድ የሚለውና ድካም የማይለቀው ሰው ራሱን ከመውቀሱ በፊት በደም ምርመራ ታይሮይዱን ያሳይ።

ከሁሉ የሚከብደው ማስጠንቀቂያ ለስኳር ሕመምተኞች ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል እንጀራውንና ዳቦውን በድንገት ቢያቆም የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ያ አምሮት አይደለም፤ ወዲያውኑ ስኳር ወይም ለስላሳ መውሰድ ያስፈልጋል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጀምሩ።

ሌላው ግን ከሚቀጥለው ጨዋታ ዕረፍት ጀምሮ ይሞክረው። ለስላሳው ቀርቶ አምቦ ውሃው ይምጣ፤ ሚዛኑን ደግሞ ለሰኞ ጠዋት እንተውለት።

መልካም ሳምንት!