ጎርፍ ለጎዳው ቤት የንብረት ታክስ እፎይታ

የንብረት ታክስ እፎይታ ጎርፍ፣ የመሬት ናዳ፣ እሳት ወይም ሌላ ድንገተኛ አደጋ ቤቱን የጎዳበት ባለይዞታ በዚያው ቤት የተጣለበት ታክስ የሚቀነስበት፣ የመክፈያ ጊዜው የሚራዘምበት ወይም ዕዳው የሚሰረዝበት ሥርዓት ነው። መነሻው ርኅራኄ ብቻ አይደለም። የንብረት ታክስ የሚሰላው ከንብረቱ ዋጋ ስለሆነ ግድግዳው ለፈረሰ ቤት በቀድሞው ግምት ማስከፈል በሌለ ሀብት ላይ ግብር መጠየቅ ይሆናል።

የጌዴኦ ዞን ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ዞኑ ከስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣ ተዳፋት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሕዝብ በብዛት ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ዝናቡ በበልግና ከክረምቱ መውጫ ላይ ይበረታል። በገጠሩ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች ተደባልቀው አፈሩን ይዘው ይኖራሉ፤ ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንደ ዲላ ባሉ የዞኑ ከተሞች ግን ቆርቆሮው፣ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ ውኃውን ወደ መሬት ስለማያሰርጉት ጎርፉ በየቦዩ ተሰብስቦ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይወርዳል።

በጭቃ ቤት ላይ ጉዳቱ የሚጀምረው ከታች ነው። ውኃ የተኛበት ግድግዳ መጀመሪያ ልስኑ ይረግፋል፣ ቀጥሎ ጭቃው ይለቃል፣ ማገሩና የቋሚው እግር ይበሰብሳሉ። ጣሪያው ግን ለሳምንታት እንደቆመ ሊቆይ ይችላል። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያየው ገማች ቤቱ ደኅና ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ወደ ውስጥ ገብቶ የግድግዳውን ሥር ለሚመረምር ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ለአሥርተ ዓመታት የተሠራበት ሕግ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚለው የዚህ አዋጅ የቤት ግብር ሲሆን፣ መሠረቱም የቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ነበር። በ2015 የፌዴሬሽንና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 99 መሠረት በጋራ ተሰብስበው የንብረት ታክስን የመጣል ሥልጣን ለክልሎች ሰጡ። የንብረት ታክስ አዋጅም በጥር 2017 ጸደቀ።

አዲሱ አዋጅ በከተማ የሚገኝ የመሬት መጠቀሚያ መብትንና ሕንጻን ለየብቻ ይመለከታል። ታክሱ የሚሰላው በንብረቱ ዋጋ 25 በመቶ ላይ ነው። መጣኔው ለሕንጻ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት መጠቀሚያ መብት ደግሞ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር የተገመተ ሕንጻ ታክስ የሚታሰብበት 500,000 ብሩ ነው፤ በዝቅተኛው መጣኔ 500 ብር፣ በከፍተኛው 5,000 ብር ያስከፍላል። ጎርፍ የሕንጻውን ዋጋ በ60 በመቶ ቢያወርደውና ግምቱ ቢታረም ታክሱ ወደ 200 ወይም ወደ 2,000 ብር ይወርዳል። ቦታው ግን ባለበት ስላለ በመሬት መጠቀሚያ መብቱ ላይ ያለው ሒሳብ ለብቻው መታየት አለበት።

እፎይታ የሚገኝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ግምቱን ማረም ነው። መደበኛው የዋጋ ግምት በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ፣ በመሃል አደጋ የደረሰበት ባለቤት ልዩ ግምት ካልተሠራለት ለዓመታት በአሮጌው ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ግምቱን ሳይነካ ዕዳውን ማቅለል ነው። በፌዴራል ደረጃ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት ለከባድ ችግር የተጋለጠ ግብር ከፋይ ከዕዳው በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ የሚደረግበትን ሁኔታ ደንግጓል። የንብረት ታክስ የክልል በመሆኑ ለዲላ ነዋሪ ወሳኙ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሕግ ነው።

በሌላው ዓለም ደንቡ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት የአደጋ ቀጣና ተብሎ በታወጀ አካባቢ ቢያንስ 15 በመቶ የተጎዳ ቤት ጊዜያዊ ነጻነት ያገኛል። ጉዳቱ በአራት ደረጃ ተከፍሎ ከዋጋው 15፣ 30፣ 60 ወይም 100 በመቶው ከታክስ ነጻ ይሆናል፤ ነጻነቱ የሚታሰበውም ከአዋጁ ቀን ጀምሮ ለቀሩት የዓመቱ ቀናት ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ጉዳቱ 10,000 ዶላር ከደረሰ ባለቤቱ በ12 ወር ውስጥ አመልክቶ ግምቱን ማስከለስ ይችላል።

በሁሉም ዘንድ ክርክሩ የሚያርፈው ማስረጃ ላይ ነው። የይዞታ ካርታ ወይም ሌላ የይዞታ ማስረጃ፣ ያለፈው ዓመት የግብር ደረሰኝ፣ ቀኑ የታወቀ የግድግዳና የወለል ፎቶግራፍ፣ የቀበሌ የጉዳት ማረጋገጫ እና የጥገና ወጪ ደረሰኝ ዋናዎቹ ናቸው። ተከራይ ታክሱን ስለማይከፍል እፎይታው በቀጥታ አይደርሰውም፤ የከተማ ቤት የሌለው የገጠር ገበሬም የሚጠይቀው ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያና ከእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ቅናሽ ነው።

እፎይታ ቤት አይሠራም፤ ከጥቂት መቶ ብር ታክስ የሚተርፈው ገንዘብ የአንድ ግድግዳ ልስን እንኳ አይችልም። ዕዳና ቅጣት በጉዳት ላይ እንዳይደራረብ ግን ይከላከላል። ስለዚህ የክልል ደንብ የጉዳቱን ደረጃ፣ ጉዳቱን የሚያረጋግጠውን አካልና የማመልከቻውን ቀነ ገደብ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት፤ ባለቤቱም ጭቃውን ከመጥረጉ በፊት ጉዳቱን ያስመዝግብ።