ከምንጣፉ በታች፦ የአሮጌ ቮልስዋገን የዕቃ ክፍል እድሳት

በአገራችን «ቮልስ» በሚለው አጭር ስም የሚታወቀው ክብ ጀርባ ያለው ቮልስዋገን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን በብዛት መመረት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ የመጨረሻው መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ እስከ ወጣበት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎችም ዛሬ ድረስ ሲሽከረከር ይታያል። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ የዕቃ ማስቀመጫው ለሁለት ተከፍሏል፤ አንደኛው ከፊት በኮፈኑ ሥር የሚገኘው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከኋላ ወንበር መደገፊያ በስተጀርባ፣ ከኋላ መስታወቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። አሮጌ መኪና የሚያሳድሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ገንዘባቸውንና ትዕግሥታቸውን በሞተሩ፣ በውጭው ቀለምና በወንበሩ ላይ ጨርሰው እነዚህን ሁለት ክፍሎች በአዲስ ምንጣፍ ሸፍነው ያልፏቸዋል፤ ይሁን እንጂ የቮልስ ቦዲ ያለበት ሁኔታ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታየው በእነዚሁ ስፍራዎች ነው።

የፊተኛው ክፍል ለሻንጣ ብቻ የተሠራ አይደለም። የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ትርፍ ጎማው ወይም ስኮርታው፣ የፍሬን ዘይት ዕቃው፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሁሉ እዚያ ተሰብስበዋል። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በብዙዎቹ ሞዴሎች የሚረጨው ያለ ፓምፕ፣ ከስኮርታው በቀጭን ቱቦ በሚመጣ የአየር ግፊት ስለሆነ፣ የውኃው ቱቦ ሲያረጅ ውኃው የሚጠራቀመው በስኮርታው ማስቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ማጠራቀሚያውንና ሽቦውን የሸፈነው ተጨምቆ በተሠራ ጠንካራ ካርቶን ነበር፤ ካርቶን ቀላል ነው፣ ድምፅም ያፍናል፣ ነገር ግን እርጥበት ሲያገኘው አብጦ ስለሚሰነጣጠቅ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ዛሬ አይገኝም ወይም በኮምፔንሳቶ ተተክቷል። ምትክ የሚፈልግ ሰው የመኪናውን ዓመት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ማጠራቀሚያው ለ1961 ሞዴል ዝቅ ብሎና ሰፍቶ በአዲስ ቅርጽ ተሠርቷል፣ የቤንዚን መሙያው አፍ ለ1968 ሞዴል ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ በመኪናው የቀኝ ጎን ላይ ተደርጓል፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው 1302 በተባለው ሞዴል ደግሞ ቆሞ የነበረው ስኮርታ ከወለሉ ሥር እንዲጋደም በመደረጉ የዕቃው ስፍራ በእጅጉ ሰፍቷል። ለአንዱ የተቆረጠ ሽፋን ለሌላው አይገጥምም።

በአውሮፓ የተጻፉ የእድሳት መመሪያዎች ስለ ዝገት ሲያስረዱ ትኩረታቸው በመኪናው ሆድ ላይ ነው፤ በዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ብረቱን የሚበላው ነገር ከጎማው እየተረጨ ከሥር ይመጣል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፤ ስለዚህ እዚህ ያደገ ቮልስ ከሥሩ ደህና ሆኖ ከውስጡ የተበላ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው ብርቱ ፀሐይ በበጋ የመስታወቱንና የኮፈኑን ማሸጊያ ጎማ ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋልም፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ በዚያ ስንጥቅ ገብቶ ምንጣፍና ካርቶን ሥር ይተኛል። ከ1968 ሞዴል ወዲህ በተሠሩት ላይ ደግሞ ከፊት መስታወቱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ንጹሕ አየር የሚገባበት መንገድ የራሱ የውኃ ማስወረጃ ቱቦ ያለው ሲሆን፣ ቱቦው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውኃው ሞልቶ ወደ ዕቃው ክፍል ይፈስሳል። በዚህ ላይ ለበዓል የተጫነው በግ ሽንት፣ የከሰሉ ብናኝና የእርጥቡ ጆንያ ጭቃ ተጨምረው ሲቀመጡ፣ ሽንት በውስጡ ጨው ስላለው ዝገቱን ያፋጥነዋል። ዝገት ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በተበየደበት መጋጠሚያ ውስጥ ከተፈጠረ ላሜራዎቹን እየገፋ ያለያያቸዋል፤ ከላይ የተቀባ ቀለም ይህን ሊያቆመው አይችልም።

በኋለኛው ክፍል ዋነኛው የውኃ መግቢያ የኋላ መስታወቱ ማሸጊያ ጎማ ነው። ውኃው በጎድጓዳው ስፍራ ካደረ በኋላ ወደ ፊት እየወረደ ከኋላ ወንበሩ ሥር ይደርሳል፤ በዚያም በቀኝ በኩል ባትሪው ተቀምጧል። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን እንደሚበላ ብዙ ባለቤቶች ቢያውቁም፣ ከዚህ የሚከፋው አደጋ ግን ሲዘነጋ ይታያል፤ የወንበሩ መቀመጫ ከብረት ስፕሪንግና ከደረቅ ፀጉር መሰል መሙያ የተሠራ በመሆኑ፣ የባትሪው ክዳን በጠፋበት መኪና ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ የባትሪውን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የኋላውን ክፍል የሚያሳድስ ሰው ምንጣፍ ከመምረጡ በፊት ይህን ክዳን መመለሱ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ሥራው ሲጀመር ባትሪው ይፈታል፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያውም ከነቱቦው ወጥቶ ከብየዳው ስፍራ ርቆ ይቀመጣል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጎድጓዳ ስፍራ ተኝቶ ይቆያልና፣ «ታንኩ ባዶ ነው» የሚለው አነጋገር ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም፤ ባዶው ታንክ በትነት የተሞላ በመሆኑ ከሙሉው ይልቅ ለፍንዳታ የቀረበ ነው። ቀጥሎ የድሮው ምንጣፍ፣ የማስቲሹ ቅሪትና ወለሉ ላይ የተለጠፈው የሬንጅ ንጣፍ ተፍቀው ላሜራው ራቁቱን ይቀራል። በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ስፍራዎች አሉ፤ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበሩ ሥር በመሐለኛው ዋሻ ላይ ተመትቷል፣ የመኪናው መታወቂያ ሰሌዳም ከፊት ከስኮርታው በስተጀርባ ይገኛል። በሊብሬው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከብረቱ ላይ በመፋቂያ ከጠፋ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር ባለቤቱ የመኪናውን ማንነት ማስረዳት ይቸግረዋል።

የተበላው ላሜራ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ መቆረጥ አለበት። በብዙ ጋራዦች የሚታየው ልማድ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ማለስለስ ነው፤ ስቱኮ እርጥበት የሚመጥ ነገር ስለሆነ በባዶ ብረት ላይ ሲለጠፍ ዝገቱን ከሥሩ ይመግበዋል እንጂ አይከላከለውም። ምትኩ ላሜራ ሲበየድ፣ ስስ ብረት በሙቀት ስለሚጣመም፣ ብየዳው እዚህም እዚያም በአጫጭር ነጥብ እየተያዘ መካከሉ እየቀዘቀዘ መሄድ አለበት። እጅ በማይደርስበት መጋጠሚያ የቀረውን ስስ ዝገት በፎስፈሪክ አሲድ ላይ የተመሠረተ መድኃኒት ወደ ጠንካራ የፎስፌት ሽፋን ይለውጠዋል፤ ወፍራም ዝገትን ግን ስለማያሸንፈው የመፋቂያው ምትክ ሊሆን አይችልም። ከዚያ በኋላ እርጥበት የማያሳልፍ የኢፖክሲ ቀለም ይቀባል፣ ስቱኮ ካስፈለገ በእርሱ ላይ ይመጣል፣ በመጨረሻም የመኪናው የራሱ ቀለም ይከተላል። የፍሬን ዘይት ቀለምን የሚልጥ ፈሳሽ በመሆኑ፣ ከዕቃው የሚወርደው ቱቦ ሳይታደስ አዲስ ቀለም መቀባት ልፋትን ማባከን ነው።

ሽፋኑን በተመለከተ፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ምንጣፍ በማስቲሽ ከዳር እስከ ዳር መለጠፍ ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ለዓይን ያምራል፣ ሲረገጥም ይመቻል፤ ነገር ግን ስፖንጁ የገባበትን ውኃ ለወራት ይዞ ብረቱ ላይ ስለሚያስተኛው፣ ለቮልስ ከዚህ የከፋ ልብስ ማግኘት ያስቸግራል። የሚሻለው በፋብሪካው እንደነበረው ስስ ምንጣፍ መጠቀም፣ ለፊተኛው ክፍልም ሁለቱም ገጽና ጠርዙ ጭምር ውኃ በማይገባበት ቫርኒሽ የታሸገ ካርቶን መቁረጥ ነው። የመጀመሪያው ካርቶን ቁርጥራጭ ከተገኘ ለመቁረጫ ልክ ያገለግላልና መጣል የለበትም፤ ካልተገኘም በሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪኖች መካከል ዓመቱ የሚገጥም መፈለግ ያዋጣል። ሽፋኑ ከመግባቱ በፊት ኮፈኑ ተዘግቶ ከላይ በጎማ ቱቦ ውኃ ረዘም ላለ ጊዜ ይፈስስበታል፣ በውስጥ ባትሪ መብራት ይዞ የሚመለከት ሰውም ጠብታው ከየት እንደሚገባ ይለያል፤ የሚያሳልፈው ማሸጊያ ጎማ ሳይቀየር ሥራው ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይሻገርም። ምንጣፉና ካርቶኑ የሚያዙትም ያለ ማስቲሽ፣ በሚነቀል መቆንጠጫ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ተነሥተው ከሥራቸው ያለው ላሜራ በእጅ ይዳሰሳል፣ የውኃ ማስወረጃ ቱቦዎቹም በቀጭን ሽቦ ይጠረጋሉ።